የማዘርቦርድ ፊርምዌር ይታደስ ወይስ እንዳለ ይቆይ?

(በገላን ኮንዶሚኒየም ለተሰበሰቡ ተማሪዎችና መምህራን የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው የሰጣችሁንን አደራ ለመመለስ ነው። አደራውም ይህ ነበር፤ በጋራ መገልገያው ቤት የተቀመጡት ሦስቱ የማኅበራችን ኮምፒዩተሮች የማዘርቦርዳቸው ፊርምዌር ስለ ደኅንነት ክፍተት ሲባል ይታደስ ወይስ እንዳለ ይቆይ? አጥንታችሁ አቅርቡ ተብለናል። ነገሩን ላይ ላዩን ለሚያየው የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎች ብቻ የሚጨነቁበት የእጅ ሥራ ይመስላል። ይሁን እንጂ ጥያቄው በተነሣ ጊዜ ማኅበራችን በሁለት ወገን መከፈሉን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አንደኛው ወገን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆንብን ዛሬውኑ ይታደስ አለ። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ሲል መለሰ። ሁለቱም ተረቶች የአባቶቻችን ናቸው፤ ሁለቱም በየቦታቸው እውነት ናቸው። ስለዚህ ተረትን በተረት ላይ ከመደርደር ይልቅ የነገሩን ሥር መመርመር የተሻለ መስሎ ታይቶናል።

ከሁሉ አስቀድሞ ፊርምዌር ምን እንደ ሆነ ለሁላችንም ግልጽ ይሁን፤ በመካከላችን የሕግም፥ የታሪክም፥ የእርሻም ተማሪ አለና። ኮምፒዩተር ስንከፍት ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት የሚሠራ ሌላ ፕሮግራም አለ። ይህ ፕሮግራም የተጻፈው በዲስኩ ላይ ሳይሆን በማዘርቦርዱ ላይ በተበየደች፥ ከጣት ጥፍር በማትበልጥ ቺፕ ውስጥ ነው። ሥራውም ሌሎቹን ክፍሎች መቀስቀስ፥ መኖራቸውን መፈተሽ፥ ዲስኩን ፈልጎ ማግኘትና «እንግዲህ አንተ ተረከብ» ብሎ ለዊንዶውስ ማስረከብ ነው። የቀድሞ ስሙ ባዮስ ነው፤ ዛሬ በአብዛኛው ዩኢኤፍአይ የሚባለው ዓይነት ተተክቶበታል፤ ሰው ግን በልማድ አሁንም ባዮስ ይለዋል።

በቀድሞ ጊዜ ይህ ጽሑፍ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ በቀላሉ የሚለወጥ አልነበረም። ኋላ ግን ተፍቆ እንደገና ሊጻፍበት የሚችል ቺፕ መጣ። ይህም በረከት ሆነ፤ ሠሪው የሳተውን ነገር ከሸጠ በኋላም ሊያርም ቻለ። ዳሩ ግን ሠሪው ሊጽፍበት የሚችለውን ቦታ ሌላም ሰው ሊጽፍበት ይችላል። የዛሬው ጭንቀታችን ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ምሳሌ እንስጥ። በብሎካችን በር ላይ የሚያድረውን ዘበኛ አስቡ። እኛ ሳንነቃ እርሱ ይነቃል፤ ማን እንደ ገባ፥ ማን እንደ ወጣ የሚያውቀው እርሱ ነው። በየቤታችን በር ላይ የምንሰቅለው ቁልፍ፥ በኮምፒዩተር ዓለም አንቲቫይረስ የምንለው መሆኑ ነው፤ ጠቃሚነቱ ግን ዘበኛው ታማኝ እስከ ሆነ ድረስ ነው። ዘበኛው ራሱ ከሌባው ጋር ከተስማማ የመኝታ ቤቱን ቁልፍ ብንቀይር ምን ይረባናል? በአገራችን የኮምፒዩተር በሽታ ሁሉ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ «ፎርማት ይደረግ» ይባላል። ፎርማት ማድረግ የቤቱን ዕቃ ሁሉ አውጥቶ አዲስ ማስገባት ነው፤ ዘበኛው ግን በቦታው ይቀራል። በፊርምዌር ውስጥ የተደበቀ ክፉ ፕሮግራም ዲስኩ ቢፈቅ ብቻ ሳይሆን ዲስኩ ተጥሎ ሌላ ቢገዛ እንኳ አይጠፋም።

«ይህ በመጻሕፍት የሚነገር ነው እንጂ በእውን የሚሆን አይደለም» የሚሉ ወንድሞች አሉን። ለእነርሱ ታሪኩን በአጭሩ እናቅርብ። በሚያዝያ 18 ቀን 1991 ዓ.ም. ሲአይኤች ወይም ቼርኖቢል የሚባለው ቫይረስ በእስያና በሌሎችም አገሮች ብዙ ኮምፒዩተሮችን ገደለ። ቫይረሱን የጻፈው የታይዋን ተማሪ ነበር፤ ያደረገውም ዲስኩን ማጥፋት ብቻ ሳይሆን በሚቻለው ማሽን ላይ የባዮሱን ቺፕ በማይረባ ጽሑፍ መሙላት ነበር። ይህ የሆነው ከሩብ ምዕተ ዓመት በፊት ነው። የዚያ ጊዜ አጥፊ ግን ቢያንስ ጥፋቱን በግልጽ ያሳይ ነበር፤ የኋለኞቹ መደበቅን ተማሩ።

አሁን ወደ አገራችን የሚቀርበውን እንይ። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በውጭ አገር ይሠሩ ለነበሩ የኢሳት ቴሌቪዥን ባልደረቦች በስካይፕ አማካይነት ፋይል ተላከላቸው፤ ፋይሉም ሰላይ ፕሮግራም የተሸከመ ነበር። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ የተባለው የምርምር ክፍል በየካቲት 2006 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ ፕሮግራሙ ሀኪንግ ቲም የተባለው የኢጣልያ ኩባንያ ለመንግሥታት የሚሸጠው ዓይነት መሆኑን አስረዳ። ከዚያም በሰኔ መጨረሻ 2007 ዓ.ም. ሀኪንግ ቲም ራሱ ተዘረፈ፤ 400 ጊጋባይት የሚሆን ሰነዱም ለዓለም ሁሉ ተበተነ። ከሰነዱ ውስጥ የአገራችን የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ የኩባንያው ደንበኛ እንደ ነበረ የሚያሳዩ ደብዳቤዎች ወጡ። ከዚሁ ሰነድ ውስጥ ደግሞ ለዛሬው ጉዳያችን ዋና የሆነው ነገር ተገኘ፤ ይኸውም ሰላዩን ፕሮግራም በፊርምዌር ውስጥ አስቀምጦ ዲስኩ በተፈቀ ቁጥር እንደገና የሚተክል መሣሪያ ነው።

እንዳንሳሳት ነገሩን እንለይ። በጋዜጠኞቹ ላይ የዋለው ተብሎ የተዘገበው በፋይል የሚገባው ተራው ዓይነት ነው፤ የፊርምዌሩ መሣሪያ ሌላ ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱ ከአንድ ሱቅ የወጡ ዕቃዎች ናቸው። የተበተነ መሣሪያ ደግሞ ባለቤት የለውም፤ ያገኘው ሁሉ ያነሣዋል። በመስከረም 2013 ዓ.ም. ካስፐርስኪ የተባለው ድርጅት በአፍሪካ፥ በእስያና በአውሮፓ በዲፕሎማቶችና በግብረ ሠናይ ድርጅቶች ሰዎች ላይ የተቃጣ ስለላ ማግኘቱን ሲገልጽ፥ በፊርምዌር ውስጥ የተተከለው ክፍል ከዚያው ከተበተነው የሀኪንግ ቲም ጽሑፍ ተቀድቶ የተሠራ መሆኑን አሳየ። ከዚያ በፊትም በመስከረም 2011 ዓ.ም. ኢሴት የተባለው ድርጅት ሎጃክስ ብሎ የሰየመውን፥ በሰዎች ኮምፒዩተር ፊርምዌር ላይ በእርግጥ ተተክሎ የተገኘ ሌላ ሰላይ አጋልጦ ነበር። እንግዲህ ነገሩ ተረት አይደለም።

ክፍተቶቹስ እንዴት ያሉ ናቸው? ጥቂቶቹን ብንጠራ ሰው ይገረማል። በኅዳር 2016 ዓ.ም. ሎጎፌይል የተባለው ተገለጠ። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ በመስኮቱ ላይ የሚታየውን የሠሪውን ምልክት ታውቃላችሁ፤ ፊርምዌሩ ያንን ሥዕል በሚያነብበት ጊዜ ስሕተት ስላለበት፥ ተንኮል የተሞላ ሥዕል በቦታው ያስቀመጠ ሰው ማሽኑን ሊገዛው ይችላል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ፒኬፌይል መጣ። ይህ በእውነቱ የሚያሳፍር ነው። ለሙከራ ብቻ የተሠራና በስሙ ላይ በእንግሊዝኛ «አትመኑ» የሚል ጽሑፍ የተጻፈበት ቁልፍ፥ በብዙ መቶ የኮምፒዩተር ሞዴሎች ውስጥ እውነተኛ ቁልፍ ሆኖ ለገበያ ቀረበ፤ የቁልፉም ምስጢራዊ ክፍል አስቀድሞ በአደባባይ ወጥቶ ነበር። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. እንደገና ከ240 በላይ በሆኑ የጊጋባይት ማዘርቦርድ ሞዴሎች ላይ አራት ክፍተቶች መኖራቸው ታወቀ። ክፍተቶቹ የነኩት ከዊንዶውስ በታች የሚሠራውንና ዊንዶውስ ሊያየው የማይችለውን የፊርምዌር ክፍል ነው። ኩባንያው ማሻሻያ ቢያወጣም፥ ጊዜያቸው ያለፈባቸው ሞዴሎች ግን እንደ አዲሶቹ የሚታደሱ አይደሉም።

እስከዚህ ድረስ የሰማ ሰው «እንግዲያው ምን ያከራክራል? ይታደስ እንጂ!» ይል ይሆናል። ነገር ግን የሁለተኛውን ወገን ቃል በቅን ልቡና መስማት ይገባል፤ እርሱም ባዶ እጁን አልመጣም።

የመጀመሪያው ማስረጃው መድኃኒቱ ራሱ ሊያሳምም መቻሉ ነው። በታኅሣሥ መጨረሻ 2010 ዓ.ም. ሜልትዳውንና ስፔክተር የተባሉት የፕሮሰሰር ክፍተቶች ሲገለጡ ዓለም ተደናገጠ፤ ማሻሻያውም በጥድፊያ ወጣ። ሳምንታት ሳይቆዩ ማሻሻያውን የተቀበሉ ኮምፒዩተሮች በራሳቸው እየጠፉ ይነሡ ጀመር። በጥር 14 ቀን 2010 ዓ.ም. ኢንቴል ራሱ ያንን ማሻሻያ መጫን እንዲቆም መከረ። በመጀመሪያው ቀን የሮጠ ተጎዳ፤ ሁለት ወር የታገሠ ግን የታረመውን አገኘ።

ሁለተኛው ማስረጃው መብራት ነው። ፊርምዌር ሲታደስ የቺፑ አሮጌ ጽሑፍ ይፋቅና አዲሱ ይጻፍበታል። ሥራው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይፈጃል፤ በእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች መካከል መብራት ከጠፋ ግን ዘበኛው በግማሽ ልቡ ይቀራል፤ ማሽኑም ቁልፉን ብንጫነው አይነሣም። የዚህ አገር ሰው ይህን ሥጋት እንደ ቀልድ ሊያየው አይችልም። በግንቦት 2011 ዓ.ም. በጊቤ 3 ግድብ ውኃ በማነሱ መብራት በፈረቃ ይታደል እንደ ነበር የምናስታውሰው ነው። ከዚያ ወዲህ የኃይል ምንጫችን አድጓል፤ ታላቁ የኅዳሴ ግድብም በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ዳሩ ግን ግድብ ሌላ፥ ከግድቡ እስከ ቆጣሪያችን ያለው መሥመርና ትራንስፎርመር ሌላ ነው። ከጥንታውያን የውኃ ኃይል ማመንጫዎቻችን አንዱ የሆነው አባ ሳሙኤል በዚሁ በአቃቂ ወንዝ ላይ ነው የቆመው፤ ወንዙ ለኛ ቅርብ ነው፤ በዝናብ ቀን ግን ሻማ ከቤታችን አይጠፋም።

ሦስተኛው ማስረጃው ድኅነታችን ነው። በሌላ አገር ማዘርቦርድ ቢሞት ይጣልና ሌላ ይገዛል። እኛ ግን እነዚህን ማሽኖች የገዛነው ከኪስ ገንዘባችን ወር በወር እያዋጣን ነው። ከእነርሱ በአንደኛው ላይ የዘንድሮ ተመራቂዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን እየጻፉ ነው። የብሎኩ ዕድር የሒሳብ መዝገቡን ያሠፈረው እዚያው ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ለፈተና የሚለማመዱት በእነርሱ ነው። ማሽኑ ከሞተ የሚጠፋው ብረት ብቻ አይደለም ማለት ነው።

እንግዲህ ሁለቱን ወገኖች በሚዛን ላይ ካስቀመጥን በኋላ ሚዛኑን የሚያጋድለው ምንድን ነው? በእኛ አስተያየት መልሱ የሚገኘው ክፍተቶቹን የሚገልጹት ጽሑፎች እንደ ቀላል ነገር በሚያልፉት አንድ ቃል ላይ ነው። በአብዛኞቹ ላይ «ይህን ክፍተት ለመጠቀም አጥቂው አስቀድሞ የማሽኑን የአስተዳዳሪ ሥልጣን ማግኘት አለበት» ወይም «ማሽኑን በእጁ መንካት አለበት» ተብሎ ተጽፏል። ይህን ያነበበ ብቸኛ ባለ ላፕቶፕ ልቡ ያርፋል፤ ማረፉም ተገቢ ነው። ማሽኑን ከእርሱ በቀር ማንም አይነካውም፤ ያልታወቀ ፕሮግራምም አይጭንበትም። እንዲህ ያለው ሰው ሳይቸኩል፥ ማሻሻያው በሌሎች ላይ ተፈትኖ እስኪታይ ሁለት ወር ቢታገሥ ጉዳት የለውም።

የኛ ማሽኖች ግን እንደዚያ ናቸውን? በቀን ከሠላሳ የማያንስ ሰው ይቀመጥባቸዋል። ያልተመረመረ ፍላሽ ይሰካባቸዋል። ሁሉም የሚገባው በአንድ ስምና በአንድ የይለፍ ቃል ሲሆን፥ ያም ስም የአስተዳዳሪ ሥልጣን አለው። የሚያስከፍለውን ፕሮግራም በነፃ ለመክፈት ከቴሌግራም የወረደ ክራክ ተጭኖባቸዋል፤ ክራክ ሲጫን «ሥልጣን ስጠኝ» ይላል፥ እኛም እሺ እንላለን። ስለዚህ ጽሑፎቹ «አስቀድሞ መደርመስ አለበት» የሚሉት አጥር በኛ ዘንድ ገና አልታጠረም። ለሌላው ሩቅ የሆነው አደጋ ለኛ ደጃፍ ላይ ነው። በእነዚሁ ማሽኖች ላይ ደግሞ ሰው ኢሜይሉን ይከፍታል፥ የባንክ ሒሳቡን ይመለከታል፥ መታወቂያውን ስካን ያደርጋል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፥ የጋራ ማሽን ከግል ማሽን ይልቅ መታደስ ያስፈልገዋል። ሁለተኛ፥ ከመታደሱ በፊት አጥሩ ይታጠር። ለተጠቃሚው ሁሉ ሥልጣን የሌለው መግቢያ ይከፈት፤ የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል በሁለት ሰዎች እጅ ብቻ ይሁን፤ ክራኩ ይነቀልና በነፃ የሚሰጡት ፕሮግራሞች ይተኩ። ይህ አንድ ሳንቲም አያስወጣም፤ መብራትም አይፈራም። አጥሩን ሳያጥር ዘበኛ የሚቀይር ሰው ግን የሚደክመው በከንቱ ነው።

አሁን ስለ እያንዳንዱ ማሽን ያገኘነውን እንንገራችሁ።

የመጀመሪያው፥ ተመራቂዎች የሚጽፉበት አዲሱ ማሽን ነው። የቦርዱ ሠሪ ክፍተቱን የሚዘጋ ፊርምዌር አውጥቷል፤ ከወጣም ብዙ ወራት አልፈዋል። በተጨማሪም ቦርዱ ከኋላው ልዩ ቁልፍ አለው። እድሳቱ ቢበላሽ እንኳ ፊርምዌሩን ከፍላሽ ላይ እንደገና ለመጻፍ ያስችላል። ስለዚህ ይህ ማሽን ይታደስ እንላለን፤ ነገር ግን የመመረቂያ ጽሑፎቹ ለመምህራን ከተሰጡ በኋላ ይሁን። እስከዚያ ድረስ አጥሩ ይበቃዋል።

ሁለተኛው፥ ከውጭ አገር መሥሪያ ቤት አገልግሎ የመጣው ነው። ይህ ዓይነቱ የመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር አብዛኛውን ጊዜ የፊርምዌሩን ቅጂ ለክፉ ቀን ይይዛል፤ የኛውም ይህ እንዳለው ከመመሪያው አረጋግጠናል። በዚህ ማሽን ላይ የሚጠበቅ ጽሑፍ የለም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይህ ይታደስ፤ እጃችንም በእርሱ ይለመድ።

ሦስተኛው፥ አሮጌው ነው። ሠሪው ለእርሱ ፊርምዌር ማውጣት ካቆመ ቆይቷል። አንዳንድ ወንድሞች «ሰው አሻሽሎ የሠራው ፋይል በቴሌግራም ይገኛል» ብለውናል። ይህን ፈጽሞ አንቀበልም። ባለቤቱ ያልፈረመበትን ፊርምዌር ከማይታወቅ ሰው ተቀብሎ መጫን ሌባን ለመከላከል ሌባን ዘበኛ መቅጠር ነው። ይህ ማሽን ከኢንተርኔት ይቆረጥና ለመጻፊያና ለመለማመጃ ብቻ ይዋል። ጡረታ የወጣ ሰው ሥራ አያጣም፤ ገንዘብ ቤት ብቻ አይመደብም።

እድሳቱ እንዴት ይደረግ ለሚለውም ቅደም ተከተሉ የሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ በማሽኑ ላይ ያለው ፋይል ሁሉ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይቀዳ። ቀጥሎ ማሽኑ ተከፍቶ በቦርዱ ላይ የታተመው የሞዴል ስምና የእትም ቁጥር በወረቀት ይጻፍ፤ ስማቸው አንድ ሆኖ እትማቸው የተለያየ ቦርዶች አሉና፥ የአንዱን ለሌላው መጫን ማሽኑን ሊገድለው ይችላል። ፋይሉ ከራሱ ከሠሪው ገጽ ብቻ ይውረድ፤ ገጹ ማረጋገጫ ቁጥር ከሰጠ ይመሳከር። ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ መክፈቻው ቁጥር አስቀድሞ በወረቀት ላይ ይገልበጥ፤ ቁልፉም ለጊዜው ይታገድ። ይህን ያላደረገ ሰው ፊርምዌሩ በደኅና ታድሶለት የራሱን ፋይል መክፈት ሊያቅተው ይችላል። የነበረው የባዮስ አቀማመጥ ሁሉ በስልክ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ከእድሳት በኋላ ብዙ ጊዜ ወደ ፋብሪካው አቀማመጥ ይመለሳልና።

ከዚያ በኋላ ዋናው ነገር መብራት ነው። ማሽኑ በሚገባ በተሞላ ዩፒኤስ ላይ ይሰካ፤ ዩፒኤሱም አስቀድሞ በዚያው ማሽን ላይ ይፈተን። የሚሸከመውን ያህል ደቂቃ በሰዓት እንለካ፤ ለእድሳቱ ከሚያስፈልገው ቢያንስ ሦስት እጥፍ ካልሆነ ሥራው አይጀመር። ጊዜው ጠዋት ይሁን፤ በክረምት ከሰዓት በኋላ ዝናብና መብረቅ ይበዛልና። ላፕቶፕ ያላችሁም ባትሪው ሞልቶ ቻርጀሩም ተሰክቶ ካልሆነ አትጀምሩ። ሥራው ከተጀመረ በኋላ «ቆየ» ብሎ ማጥፊያውን መጫን ከመብራት መጥፋት የማይተናነስ ጥፋት ነው፤ ትዕግሥት ያስፈልጋል። እድሳቱ ካለቀ በኋላ የታደሰው እትም ቁጥር፥ ቀኑና የሠሩት ሰዎች ስም በመዝገብ ይግባ።

አንድ ነገር እንጨምር። እድሳት አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚያበቃ አይደለም። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ያልተፈረመ ፕሮግራም እንዳይጀምር የሚከለክለው ሴኩር ቡት የተባለው ሥርዓት እንኳ የሚመሠረትባቸው የማይክሮሶፍት የምስክር ወረቀቶች በአውሮፓ አቆጣጠር በ2011 የወጡ ሲሆኑ፥ ከሰኔ 2018 ዓ.ም. አንሥቶ ጊዜያቸው እንዲያበቃ ሆነው የተሠሩ ናቸው፤ አዲሶቹን ለመቀበልም አንዳንድ ማሽኖች የፊርምዌር እድሳት ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ ማኅበራችን በየሦስት ወሩ የሠሪዎቹን ገጽ የሚያይና ለስብሰባው የሚነግር ሰው ይሹም። ሁሉን ማሻሻያ እንድንጭን አይደለም፤ የወጣውን አውቀን እንድንመርጥ ነው። ሳያውቁ መተውና አውቆ መተው አንድ አይደሉም።

ወንድሞችና እኅቶች፤ እስካሁን የተናገርነው ስለ ቺፕና ስለ መብራት ነው። ነገር ግን ጥያቄው ይህን ያህል ጊዜ ሳይወሰን የቆየው በቺፑ ምክንያት አይደለም ብለን እናምናለን። እውነተኛው ምክንያት ሌላ ነው፤ እርሱም የወቀሳ ፍርሃት ነው። አስቡት፤ የእድሳቱን ቁልፍ የተጫነው ልጅ ማሽኑ ቢሞትበት ስሙ ከብሎክ ብሎክ ይዞራል፤ «ደኅና የሚሠራውን ገደለው» ይባላል። ሳያድስ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠውን ግን ማንም አይወቅሰውም። የሰው የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ሌባው በየት እንደ ገባ የሚያውቅ የለም፤ ስለማይታወቅም ተከሳሽ የለም። የሠራ ይወቀሳል፤ ያልሠራ ይመሰገናል። እንዲህ ባለ ሚዛን ብልህ ሰው ሁሉ «አትንካው» ይላል። ይህ የገላን ኮንዶሚኒየም ጠባይ ብቻ አይደለም፤ በየመሥሪያ ቤቱ ያለው የኮምፒዩተር ባለሙያም በዚሁ ፍርሃት ታስሮ የሚቀመጥ ነው። ነገ ተመርቀን በየመሥሪያ ቤቱ የምንበተነው እኛ ነንና፥ ይህን ልማድ ከዚህ ካልጣልነው ይዘነው እንሄዳለን።

መድኃኒቱን ለመፈለግ ሩቅ አንሂድ። ወላጆቻችን ሐዘንን ለአንድ ሰው ጫንቃ ሳይተዉ በዕድር ተሸክመውታል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ማሽኑ የጋራችን ከሆነ የመታደሱም አደጋ የጋራችን ይሁን። ስለዚህ ዛሬ ድምፅ ስትሰጡ «ይታደስ» ወይም «አይታደስ» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ከዚህ ጋር አብራችሁ እንድትወስኑልን የምንለምናችሁ ይህን ነው፤ በተጻፈው ቅደም ተከተል መሠረት ሠርቶ ማሽን ቢሞትበት፥ የሠራው ሰው አይጠየቅ፤ ኪሣራውን ሁላችንም በእኩል እናዋጣ። ቅደም ተከተሉን ጥሶ በችኮላ የሠራ ግን ይጠየቅ። ይህ ውሳኔ ከሌለ ማሻሻያው ቢወጣም፥ ዩፒኤሱ ቢሞላም፥ ቁልፉን የሚጫን እጅ አይገኝም።

ባጭሩ ለውሳኔ የምናቀርበው አራት ነገር ነው። በዚህ ሳምንት አጥሩ ይታጠር፤ ይኸውም የአስተዳዳሪው ሥልጣን ከሁሉ እጅ ይሰብሰብ። ቀጥሎ ሁለተኛው ማሽን፥ የመመረቂያ ጽሑፎች ከገቡ በኋላ ደግሞ የመጀመሪያው ይታደስ። ሦስተኛው ከኢንተርኔት ተለይቶ ይቀመጥ። አራተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው፥ አደጋው በማኅበሩ ስም በጋራ ይወሰድ።

መምህራኖቻችን በጥናታችን ላይ የሳትነው ካለ እንዲያርሙን በትሕትና እንለምናለን። ከዚያ በኋላ ግን ጉዳዩ ለሌላ ስብሰባ ሳይቀጠር እጅ ወጥቶ ይቈጠር።